ያልተቆረጠው ሽቦሽ

ፀሐይዬ፣ የኔ ዓለም፤

«እንደምን ሰነበትሽ» ብዬ ልጀምር አልኩና ሳቄ መጣ። አንቺ ያለሽበት አገር ሰው እንዴት እንደሚሰነብት እኔ በምን አውቄ! ስለዚህ ከራሴ ልጀምር። በራሴ መጀመር ልማዴ መሆኑን ደግሞ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ከተለያየን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ይህን ወረቀት የሚጽፍልሽ ጎረቤት አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊም አይደለም። እኔው ነኝ፣ ወልዴ፣ ባልሽ። በገዛ እጄ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ። አራት ነጥቡ ሳይቀር የእኔ ነው። እስቲ እዪው። እንዴት ኮርቶ ተቀምጧል።

የማታ ትምህርት ገብቼ ማንበብና መጻፍ ተማርኩልሽ። ከክፍሉ አንደኛ ነኝ። እርግጥ ከእኔ በፊት አንደኛ የነበረችው ሴትዮ በርበሬ ልትነግድ ቆሼ ከተማ ሄዳ እዚያው ቀርታለች፤ ይህን ለማንም አልናገርም፣ ለአንቺ ብቻ ነው። መምህራችን ሰላም የምትባል ልጅ ናት። የመጀመሪያው ሳምንት ሰሌዳው ላይ የምትጽፈው ሁሉ የትል ሰልፍ ይመስለኝ ነበር። «ጋሼ፣ እስቲ ጠጋ ብለው ይዩት» አለችኝ። ጠጋ አልኩ፤ ያው ትል ነው። ለካስ ግማሹ መሃይምነት ዓይኔ ኖሯል! አሁን መነጽር አለኝ ፀሐይ። እውነተኛ መነጽር፣ ከነቤቱ።

እዚህ ላይ እንደምትስቂ አውቃለሁ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ፀሐይ፣ መነጽሬን አየሽልኝ?» ስልሽ የኖርኩት ያልነበረኝን መነጽር ነው። ደንበኛ ወረቀት ይዞ በመጣ ቁጥር እንደዚያ እልሻለሁ፤ አንቺም እጅሽን እየጠረግሽ ከጓዳ ትወጪና «እኔ አላየሁትም፣ ደግሞ ይሄ ምንድነው የሚለው?» ብለሽ ለራስሽ እንደምታነቢ ሰው ጮክ ብለሽ ታነቢዋለሽ። እኔም «እሱማ አውቄዋለሁ» እላለሁ። አንድም ቀን ደንበኛ ፊት ፈገግ አላልሽም። ማታ ራት ላይ ግን «ዛሬስ መነጽርህ ተገኘ?» ብለሽ እስክታለቅሺ ትስቂ ነበር።

ስለ ቤታችን ልንገርሽ። በራችን ፊት ያለው መንገድ ድንጋይ ተነጠፈበት፤ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያለው ብረት ሁሉ ይንጫጫል። የተከልሽው አቮካዶ አፍርቷል፤ ፍሬው ግን ከግንቡ ማዶ ወደ ጎረቤት እየወደቀ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንቺ ትቀመጪበት የነበረው አግዳሚ ላይ አሁን እኔ እቀመጣለሁ፤ መዝሙሩን ከመጽሐፉ እያነበብኩ ስለምዘምር ከሰው ሁሉ ሁለት ቃል ወደ ኋላ እቀራለሁ፤ ቢሆንም እነሱ ቸኩለው ነው እንጂ እኔ ዘግይቼ አይደለም። ሥራው እንደነበረው ነው። መብራት ይጠፋል፣ ድንገት ኃይሉ በዝቶ ይመጣል፣ የሰው ዲናሞ ይቃጠላል፣ ሽቦው እንደ አዲስ ሊጠቀለል ወደ እኔ ይመጣል። እግዜር ልጅ ባይሰጠንም ቤታችን ሰው አጥቶ አያውቅም፤ ዛሬም አላጣም። ለመጣው ሁሉ «በዚህ አገር ሁለት ጠቅላይ አለ፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ቡታጅራ» እላለሁ። የሽቦ ጠቅላይ መሆኔን የሚያውቁት ይስቃሉ፤ የማያውቁት ይነሱልኛል።

ሳይለወጥ የቆየ አንድ ነገር ነበር። እሱን ልነግርሽ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት።

ልንለያይ ሰሞን የመዳብ ሽቦ ልገዛ ወልቂጤ ስሄድ ለከድር ቻርጀር የሚሆነውን ትራንስፎርመር አንቺ ጀመርሽው። ከድር፣ ያው ጎረቤታችን፣ የባጃጅ ባትሪ የሚሞላው። ስመለስ አንቺ ሐኪም ቤት ነበርሽ፤ ጥቅሉ ደግሞ በእጅ በሚዞረው መጠቅለያ ላይ፣ እጀታው ወደ ላይ እንደቆመ፣ ሽቦው ከማጠንጠኛው ሳይቆረጥ ተወጥሮ ነበር። አንድ ክር ከሌላው ሳይደራረብ፣ እንደተበጠረ ፀጉር። በሦስተኛው ቀን አንቺ ሄድሽ። ስለ ጥቅሉ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ሰው በዚያን ጊዜ ስለ ሽቦ ይነጋገራል እንዴ?

ለዚያ ብረት ስድስት መቶ ስድሳ ዙር እንደሚያስፈልገው እኔም አንቺም በቃላችን እናውቃለን። አንቺ የቱ ላይ እንደቆምሽ ግን አላውቅም። ጨርሰሽ ይሆናል። መቶ ቀርቶሽም ይሆናል። ዙሩ ካነሰ ብረቱ ያጓራል፣ ሽቦው ይግላል፣ ቫርኒሹ ይሸታል፣ ከዚያ አመድ ነው። በአምፖል አስይዘህ ቀስ ብለህ አትሞክረውም ነበር ትዪኝ ይሆናል። ሙያው ይፈቅዳል፤ እጄ አልፈቀደም። ፈትቶ መቁጠር ደግሞ አለ፤ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ግን እያንዳንዱ ዙር ያንቺ ጣት ያለፈበት ነው። አንዴ ከተፈታ ያው ሽቦ ነው፤ ከሱቅ የሚገዛ ሽቦ።

ከድር ታግሶ ታግሶ አንድ ቀን መጣና መጠቅለያው አጠገብ ቁጢጥ አለ። «ወልዴ፣ ወላሂ ለአንተው አስቤ ነው፤ ፍታውና እንደ አዲስ ጠቅልለው። ስድስት መቶ ዙር አንተን ያቅትሃል? ጀርመን ተምሬ መጣሁ ስትለን አልነበር እንዴ!» አለኝ። «ጀርመን ይሄን አላስተማሩኝም» አልኩት። አየኝ፣ ሽቦውን አየ፣ ከዚያ «አላህ ያጽናህ» ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ባትሪዎቹን ከተማው ጫፍ ድረስ እየጫነ ሲያስሞላ ከረመ እንጂ ስለ ቻርጀሩ ዳግመኛ አላነሳብኝም።

ደብተርሽ እንዳለ አውቅ ነበር፤ ሰማያዊው፣ የዘይት አሻራ ያለበት። ስትቆጥሪ በቸሃኛ፣ በእናትሽ አገር ጉራጊኛ ነበር፣ አት፣ ኹዌት፣ ሶስት እያልሽ፤ ስትጨርሺ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ታሰፍሪያለሽ። ማንንም አንብቡልኝ ማለት እችል ነበር። ግን ያንቺን ጽሑፍ ሰምቼ የማውቀው በአንቺ ድምፅ ነው። በላዩ የሌላ ሰው ድምፅ እንዲያርፍበት አልፈለግኩም። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ «መነጽሬ ጠፋ» ብዬ የምጠራው ሰው አልነበረኝም። ስለዚህ ተመዘገብኩ።

በምማርባቸው ወራት፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲጥልና ዘቢዳር ተራራ ጭጋጉን ለብሶ ሲጠፋ፣ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ዓይኔ ይከደን ነበር። ቸሃ ነኝ፣ እናትሽ ቤት። እንሰቱ ረድፍ በረድፍ ተሰልፏል፤ አንቺ በወዲያኛው ረድፍ ትሄጃለሽ፣ እኔ በወዲህኛው። መሃላችን ቅጠል ብቻ ነው። አላይሽም። ስትንቀሳቀሺ ግን በእኔ በኩል ያለው ቅጠል ይነቃነቃል። ስትቆሚ የእኔም ቅጠል ይቆማል። እጄን ልሰድ ስል ባጃጅ ያልፍና ብረቱ ይንጫጫል፤ እነቃለሁ።

ያን ሕልም ሳይ አንድ ጊዜ ሥራ ላይ ሳለን የጠየቅሽኝ ይመጣብኛል። «የመግቢያው ጥቅልና የመውጫው ጥቅል አይነካኩም ትላለህ። ካልተነካኩ ታዲያ አንዱ መብራት ሲያገኝ ሌላው እንዴት ያውቃል?» አልሽኝ። እኔም «እኔ ስለምነግረው ነዋ!» አልኩሽ። አላመንሽኝም። ስለዚህ አሳየሁሽ፤ በአንዱ ጥቅል የእጅ ባትሪ ድንጋይ፣ በሌላው ባለ መርፌ መለኪያ። ድንጋዩን ሳስነካ መርፌው ወደ ቀኝ ዘለለ። አስነክቼ ስይዘው መርፌው ተመልሶ ተኛ፤ ኤሌክትሪኩ እየሄደ ነው፣ መርፌው ግን እንቅልፉን ይለጥጣል። ሳላቅቀው ደግሞ ወደ ግራ ዘለለ። አንቺ አገጭሽን ጠረጴዛው ላይ አድርገሽ ሦስቴ አራቴ አስደገምሽኝና «አየህ? ስትለቀው ነው የበለጠ የደነገጠው» አልሽ። እኔ ሳቅሁ፤ ለጎረቤት ሁሉ «ሚስቴ መርፌ ደነገጠ አለች» ብዬ አወራሁ።

አሁን የስምንተኛ ክፍል መጽሐፍ ተውሼ አነበብኩት። አንድ ገጽ ለማንበብ አራት ቀን ፈጀብኝ፤ ግን አነበብኩት። አንቺ ያየሽው ልክ ነው። ኃይሉ ከጥቅል ወደ ጥቅል የሚሻገረው ነገር ሲለወጥ ብቻ ነው፤ ሲመጣ፣ ሲሄድ፣ ሲጨምር፣ ሲቀንስ። አንድ ዓይነት ሆኖ ከቆየ ማዶው ምንም አይሰማውም። አስራ ዘጠኝ ዓመት አንቺ ሳታቋርጪ ነበርሽ። እኔ ደግሞ እንቅልፌን ስለጥጥ።

ደብተርሽን የከፈትኩት ፊደሉን ጨርሼ፣ ሰላም ካጨበጨበችልኝ በኋላ በማግስቱ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት። እጄን ታጥቤ፣ ያችን የማላወልቃትን ኮፍያዬን አስተካክዬ። ቁጥር ፈለግኩ። ከ1 እስከ 9 ያለውን ሁሉ እንደ ጥርሴ አውቀዋለሁ፤ ደብተሩ ውስጥ ግን አንድም የለም! በየገጹ ያለው የደንበኛው ስም ነው፤ ቀጥሎ ከላይ መስመር ከታች መስመር ያላት ምልክት፤ ከዚያ ወሬ። እና ወሬው ስለማን መሰለሽ? «ዛሬ ለሰውየው ጀርመን ተምሬያለሁ አለው። አመነው።» ሌላ ገጽ፤ «ዲናሞው ከእጁ ወድቆ እግሩን መታው። ሆን ብዬ ነው አለ።» ሌላ፤ «ዛሬ ዝም አለ። አሞታል መሰል። ሾርባ።» ፀሐይ፣ ደብተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ብቻዬን እየሳቅኩ ዓይኔን ጠረግኩ። ውሸቴን ሁሉ እያወቅሽ፣ አንዱንም ሳትጥዪ አስቀምጠሽልኛል።

ምልክቷ ግን ገረመችኝ። ከላይ ኮፍያ፣ ከታች ጫማ። አንዳንድ ቦታ ወፍራም ናት፣ አንዳንድ ቦታ ቀጭን፤ ግን ሁሌም ኮፍያና ጫማ አላት፤ ሁሌም ከእኔ ወሬ በፊት ትቆማለች። አሰብኩ አሰብኩና ደረስኩበት። እኔ ነኛ! ስሜን መጻፍ ሰልችቷት ሥዕሌን ሠራችልኝ አልኩ። ኮፍያና ጫማ ያደረገ ሰው፣ ሲወፍር ወፍራም፣ ሲከሳ ቀጭን። እንዲህ በሚስቱ የተወደደ ሰው ቡታጅራ ውስጥ ማን አለ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። የከድር ቻርጀር ይላል። ሥዕሌ ሦስት ጊዜ ተደርድሯል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፤

«እጄ ደከመ። ፳ ቀረ። ሲመጣ ይጨርሰው።»

አንድ ጊዜ አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። እጄ ደከመ። እሱ ቀረ።

ቀረሁ አይደል? አንድ ቀን አድሬ እመለሳለሁ ብዬ ወልቂጤ ሁለት ቀን አደርኩ። ሽቦውን የገዛሁት በመጀመሪያው ቀን ነው። ሁለተኛውን ቀን ሻይ ቤት ተቀምጬ ለማላውቃቸው ሰዎች ስለ ጠቅላይነቴ ሳወራ ዋልኩ። ስልክ ደውለሽ «ራሴን ትንሽ አሞኛል» ስትዪኝ ከኋላዬ ሰዎቹ ይስቁ ነበር፤ «ነገ እመጣለሁ» አልኩሽ። አንቺም ያንን ጻፍሽ። ቀረ። አንድ ቃል። ሳትቆጪ፣ ሳትሰድቢ፣ ሥዕሌን ሠርተሽ አጠገቡ «ቀረ» ብለሽ።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ምን እንደሠራሁ አላውቅም። ደብተሩን ወደ መደርደሪያው መለስኩት። ጥቅሉን በጨርቅ ሸፈንኩት። ዝናቡ ሲመጣ ዓይኔን ብከድንም እንሰቱ አይመጣም። ከድር መጥቶ ፊቴን አየና «ኧረ ወልዴ፣ ታመምክ እንዴ? ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ውሸት ከአንተ አልሰማሁም፤ ሰፈሩ ቀዘቀዘ እኮ!» አለኝ። ልስቅ ሞከርኩ፤ አልመጣም። ማንበብ መማሬን ጠላሁት ፀሐይ። ባላውቅ ኖሮ ሽቦው እንደተወጠረ፣ አንቺም እንዳልተከፋሽብኝ እኖር ነበር።

አንድ ማታ ሰላም የተማሪዎቿን ደብተር ስታርም የእኔ ጠርዝ ላይ ያችን ምልክት አየች። ሳላስበው ደጋግሜ ስዬያት ኖሯል። «ጋሼ፣ ይሄን ማን አስተማረዎት? እኔ ገና አላስተማርኩም» አለች። «ሥዕሌ ናት» አልኳት። «የምን ሥዕል?» አለች። «ባለቤቴ የሠራችው። የእኔ ሥዕል።» ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ሳቋን ዋጠች። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቁጥር ነው። የግዕዝ ቁጥር። ባለቤትዎ መጽሐፍ ቅዱስ ያነቡ አልነበር? ምዕራፎቹ የተቆጠሩት በዚህ ነው።» «ስንት ነው?» አልኩ። «ሃያ።»

ሃያ ቀረ።

መቀመጫው ላይ እንደሆንኩ ለራሴ ደገምኩት። ሃያ ቀረ። ሰላም «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» ትላለች፤ ሌሎቹ ዞረው ያያሉ። እኔ ኮፍያዬን አውልቄ ፊቴን ሸፈንኩበት። እሱ አይደለም የቀረው፤ ሃያ ዙር ነው! እጅሽ ደከመ፤ ሃያ ዙር ቀረ፤ ሲመጣ ይጨርሰው። ቁጣ አልነበረም። ሥራ ነበር የሰጠሽኝ። እንደምመጣ አንዲት ቅንጣት አልተጠራጠርሽም። ከአንድ ዓመት በላይ መጠቅለያው ላይ ሲጠብቀኝ የነበረው ነቀፋ ሳይሆን አደራ ነው።

በማግስቱ ጠዋት መጽሐፍ ቅዱስሽን ከደብተርሽ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ ምዕራፎቹን እየቆጠርኩ አመሳከርኩ። ከላይ ያሉት ሦስት ሥዕሎቼ ስድስት መቶ አርባ ሆኑ። ስድስት መቶ አርባና ሃያ፣ ስድስት መቶ ስድሳ። ጨርቁን ገለጥኩ። አቧራውን በእስትንፋሴ እፍ አልኩ። እጀታውን አንቺ ከተውሽበት ያዝኩትና አዞርኩ። አንድ። ሁለት። ያለ ቀልድ፣ ያለ ወሬ። ያንቺ ክር አልቆ የእኔ የሚጀምርበት ቦታ በዓይን አይታይም፤ ጣቴን ሳሳልፍበት ብቻ ነው የማውቀው፤ እኔ ትንሽ አጥብቄ እይዛለሁ፣ አንቺ ታለሰልሺ ነበር። ሃያ ስል ቆምኩ። ከዚያ ሽቦውን ቆረጥኩት። ድምፁ ትንሽ ነበር።

የመውጫውን ጥቅል ከመጀመሬ በፊት ያው እንደ ሙያው ወረቀት ማልበስ ነበረብኝ፤ ሁለቱ እንዳይነካኩ መሃላቸው የሚገባው ደረቅ ወረቀት። ቆርጬ አስተካክዬ ልጠቀልለው ስል ስምሽን ልጽፍበት ፈለግኩ። እዚህ ላይ ችግር መጣ። ሁለት ዓይነት «ጸ» አለ፤ ሦስት ዓይነት «ሀ» አለ። ይህን ፊደል የሠራው ሰው እንደ እኔ ጉረኛ ሳይሆን አይቀርም። ሰላምን ብጠይቃት ትክክለኛውን ትነግረኛለች። ግን በስህተት ያንቺን ትቼ የሌላዋን ብጽፍስ? ስለዚህ ሁሉንም ጻፍኳቸው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ፣ ፀኃይ፣ ጸኃይ። ስድስት ጊዜ፣ አንዱን እንኳ ሳልሰርዝ። ይህኛው ጉራ ነው፤ ሁለቱን ሰርዣለሁ። ወረቀቱን ያንቺ ጥቅል ላይ አለበስኩት፤ በላዩ የእኔን ጠቀለልኩ፣ ብረቱን ሰካሁ፣ ቫርኒሽ ቀባሁ፣ ፀሐይ ላይ አደረቅኩት።

ከድር መጥቶ ወሰደው። «በመጨረሻ ፈታኸው?» አለኝ። «አልፈታሁትም፤ ጨረስኩት» አልኩት። ሰካው። ብረቱ አላጓራም፤ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አፉን ዘግቶ እንደሚያዜም ሰው፣ እምምም ማለት ጀመረ። ከድር ጆሮውን አስጠግቶ «ማሻላህ» አለ። እኔም ጀርመን እንዲህ ዓይነት ትራንስፎርመር ልሥራ ብትል እንደማትችል ነገርኩት። ተቃቀፍን። ሰፈሩ ሞቀ።

አሁን በየቀኑ ባጃጆች በዚያ በኩል ያልፋሉ፤ ባትሪያቸው የተሞላው ከአንቺ ጥቅል ወደ እኔ ጥቅል በተሻገረ ኃይል ነው። ስምሽ መሃል ላይ አለ፤ ኃይሉ ሁሉ እየተመላለሰ ያልፍበታል። እኔ እንደሆንኩ አልረሳሽም፤ ረስቼ የምተኛበት ጊዜ አልፏል። ያንን ወረቀት ማንም አያየውም። ትራንስፎርመሩ ካልተቃጠለ በቀር አይከፈትም፤ ይሄኛው ደግሞ አይቃጠልም። ለማን ነው የምነግረው፤ የጠቀለልነው እኮ እኔና አንቺ ነን።

ባልሽ
ወልዴ